የኦክታጎኑ ገበያ፦ ደጋፊው የሚወደው ተፋላሚውን፣ የሚከፍለው ለድርጅቱ

የቅይጥ ትግል አፍቃሪ የሆነ አሜሪካዊ ለሠላሳ ሁለት ዓመታት አንድ ልማድ ነበረው። ትልቅ ግጥሚያ ሲቃረብ ኪሱን ይዳብሳል። የሚወደው ተፋላሚ የሚወጣበት ምሽት ከሆነ የተጠየቀውን ከፍሎ በቀጥታ ያያል፤ ካልሆነ ገንዘቡን አስቀምጦ ውጤቱን በማግስቱ ይሰማል። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ግን ይህ በኪስ ድምፅ የመስጠት ልማድ ቀርቷል።

ስፖርቱን በበላይነት የያዘው ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው ድርጅት በኦገስት 2025 ፓራማውንት ከተባለው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ጋር የ7 ዓመት ውል መፈራረሙ ይታወሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የውሉ ጠቅላላ ዋጋ 7.7 ቢሊዮን ዶላር፣ በአማካይ በዓመት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። በውሉ መሠረት በዓመት 13 ዐበይት ውድድሮችና 30 መለስተኛ ምሽቶች ለፓራማውንት ወርሃዊ ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይተላለፋሉ። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ዐቢይ ውድድር ይጠየቅ የነበረው 79.99 ዶላር በአሜሪካ ቀርቷል።

ለደጋፊው ነገሩ ሠርግና ምላሽ ነው። በአሮጌው ዋጋ 13ቱንም ቢገዛ 1,040 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ያውም አስቀድሞ የኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. ፕላስ ደንበኛ ከሆነ በኋላ። የአዲሱ አገልግሎት ወርሃዊ ክፍያ እንደየደረጃው ከ9 እስከ 14 ዶላር ገደማ ነው። ውዱን ቢመርጥ እንኳ በዓመት ከ170 ዶላር አያልፍም። ሁሉንም ይገዛ ለነበረ ሰው ዋጋው ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዷል ማለት ነው። ዕቃ ይህን ያህል ሲረክስ ገዥ ይደሰታል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ነጋዴ ግን ቅናሹን ማን እንደከፈለው ሳያጣራ አያልፍም።

አንዱ ከፋይ ግልጽ ነው። ፓራማውንት ደንበኛ ለማብዛት ሲል ቢሊዮኖቹን መድቧል። የሁለተኛው ከፋይ ስም ግን ብዙም አይነሳም። እሱም በሽቦው አጥር ውስጥ የሚደበድበውና የሚደበደበው ሰው ነው። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሻምፒዮኖችና ጥቂት ታዋቂ ተፋላሚዎች በውላቸው ውስጥ ከየቤቱ ሽያጭ የምትታሰብ ድርሻ ነበራቸው። ግጥሚያውን የገዛው ቤት ሲበዛ ድርሻቸውም ይበዛል። ደጋፊው ለማን ሲል ኪሱን እንደፈታ የሚመሰክረው ይኸው የሽያጭ ቁጥር ነበር። አሁን ሽያጩ የጥቅል ሆኗል። ሰውዬው በወር የሚከፍለው ለተፋላሚው ይሁን፣ ለእግር ኳሱ ይሁን፣ ልጆቹ ለሚያዩት ፊልም ይሁን ለይቶ የሚናገር ደረሰኝ የለም።

ካሴት ተከራይተው ያዩ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኖቬምበር 12 ቀን 1993 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በሚገኘው ማክኒኮልስ አዳራሽ ስምንት ሰዎች ስምንት ማዕዘን ባለው የሽቦ አጥር ውስጥ ተጋጠሙ። ቦክሰኛው፣ የካራቴው ሰው፣ የሱሞው ታጋይ፣ የጁጂትሱው ተማሪ እርስ በርስ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል የሚለውን፣ በየሰፈሩ ወጣቶች የሚከራከሩበትን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ትርዒት ነበር። ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የተባለ ቀጠን ያለ ብራዚላዊ ነው። በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚዎቹን እጅ እንዲሰጡ አድርጎ 50,000 ዶላር ተሸለመ። ትርዒቱን በቤታቸው ከፍለው ያዩት 86,000 ያህል ቤቶች እንደነበሩ ይነገራል። ያመለጣቸው ደግሞ ቆይተው ከቪዲዮ ቤት ካሴቱን እየተከራዩ አዩት።

የመጀመሪያው ደጋፊ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው የየትኛውም ክለብ ወይም አገር ደጋፊ አልነበረም። ማወቅ የፈለገው እውነተኛ ድብድብ ምን እንደሚመስል ነበር። ትንሹ ሰው ትልቁን መሬት ላይ ጥሎ አንገቱን ሲያንቀው ባየ ጊዜ ስለ ጉልበት ያለውን እምነት ለወጠ። ብዙዎቹም ያዩትን ለመሞከር የልምምድ ቤት ፈልገው ገቡ። ዛሬም በዚህ ስፖርት ከተመልካቹ መካከል ራሱ የሚለማመደው ጥቂት አይደለም። ከእግር ኳስ ደጋፊ የሚለየው አንዱ ጠባዩም ይኸው ነው።

ይሁንና ድርጅቱ ከመንግሥት ሰዎች ዱላ አላመለጠም። በ1996 ሴናተር ጆን ማኬይን ትርዒቱን ከአውራ ዶሮ ውጊያ ጋር አመሳስለው እንዲታገድ ለ50ዎቹ ክፍላተ አገር አስተዳዳሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። ትልልቆቹ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቶችም ጀርባቸውን ሰጡት። ገበያው ከተዘጋ ዕቃው ጥሩ መሆኑ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ያኔ ስፖርቱን በሕይወት ያቆዩት ካሴት እየተለዋወጡ የሚያዩ፣ የጃፓኑን ፕራይድ ውድድር በብድር ካሴት የሚከታተሉ ጥቂት ግትር ደጋፊዎች ናቸው። በመካከሉ የክብደት ምድብ፣ የእጅ ጓንትና የጊዜ ገደብ ተደነገገ፤ የኒው ጀርሲ ክፍለ አገር ተቆጣጣሪዎችም ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ መሠረት ጣሉ።

በጃንዋሪ 2001 የላስ ቬጋስ የቁማር ቤት ባለሀብቶች የሆኑት ወንድማማቾች ፍራንክና ሎሬንዞ ፈርቲታ፣ ከጓደኛቸው ከሚስተር ዳና ዋይት ጋር ሆነው ድርጅቱን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ሚስተር ሎሬንዞ በኋላ እንደተናገሩት፣ ጠበቆቻቸው በዚህ ገንዘብ የምትገዛው ነገር የለም ብለው ተቃውመዋቸው ነበር። የሳቸው መልስ የምገዛው ሦስቱን ፊደላት ነው የሚል ነበር።

ይህ መልስ ለዚህ ገበያ ቁልፍ ነው። ፈርቲታዎች ተፋላሚ አልገዙም፤ አዳራሽም አልገዙም። የገዙት ደጋፊው በአእምሮው የያዘውን ስም ነው።

ንግዱ ወዲያው አልቀናም። እስከ 2004 ድረስ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። ሚስተር ዋይት ደጋግመው እንደሚተርኩት ሚስተር ሎሬንዞ አንድ ቀን ደውለው ገዥ እንዲፈልጉ አዘዙ፤ በማግስቱ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። በ2005 የማምረቻ ወጪውን ራሳቸው ሸፍነው፣ ለውል የሚወዳደሩ ወጣት ተፋላሚዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ የሚያሳይ ተከታታይ ፕሮግራም በስፓይክ ቴሌቪዥን አቀረቡ። ኤፕሪል 9 ቀን 2005 ለመጨረሻው ሽልማት የተገናኙት ፎረስት ግሪፊንና ስቴፋን ቦናር ሦስቱንም ዙር ሳያርፉ ሲደባደቡ አሜሪካ በነፃ ቴሌቪዥኑ ተመለከተች። ግሪፊን በነጥብ አሸነፈ፤ ተሸናፊውም ውል ተሰጠው። ብዙ የዛሬ ደጋፊዎች ስፖርቱን የለመዱት ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው።

በጁላይ 2016 ደብሊው.ኤም.ኢ.-አይ.ኤም.ጂ. የሚመራው የባለሀብቶች ቡድን ድርጅቱን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ15 ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። በሽያጩ ጊዜ የ9 በመቶ ባለድርሻ የነበሩት ሚስተር ዋይት ብቻቸውን የደረሳቸው 360 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ2010 አሥር በመቶ የገዛው የአቡዳቢ መንግሥት ኩባንያም ትርፉን ሰብስቧል።

ሰው ይሄዳል፣ ስም ይቆያል

የእግር ኳስ ደጋፊ ክለቡን በየሳምንቱ ያያል። የቅይጥ ትግል ደጋፊ ግን የሚወደውን ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ቢያየው ነው። በመካከሉ ጉዳት አለ፤ ክብደት መቀነስ አለ፤ ውል አለ። በዝረራ የተመታ ሰው ደግሞ በሕክምና ምክንያት ለወራት ይታገዳል። ትላንት የማይበገር የተባለው ጀግና በአንዲት ቡጢ ይወድቅና ስሙ ከማስታወቂያው ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ክፍተት ውስጥ በየቅዳሜው ሳይጓደል የሚመጣው ኦክታጎኑና ሦስቱ ፊደላት ብቻ ናቸው። ደጋፊው መጀመሪያ በአንድ ሰው ይሳባል፤ ሰውዬው በሌለበት ቅዳሜ ሌሎችን ማየት ይለምዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛሬ ማን ይጋጠማል ብሎ ሳይጠይቅ ዩ.ኤፍ.ሲ. አለ ብሎ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል።

የአዲስ አበባ ደጋፊም ከዚህ አይለይም። የላስ ቬጋሱ ዋና ግጥሚያ እዚህ የሚደርሰው እሑድ ማለዳ ነው። ከዕንቅልፉ የተነሳ ሰው ለአንድ ግጥሚያ ብቻ አይነሳም። አቡዳቢ ላይ ሲዘጋጅ ግን ከተማዋ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለምትቀድም ነገሩ የምሽት መዝናኛ ይሆናል። የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ ለምሥራቅ አፍሪካ ተመልካች ያመጣው ያልታሰበ ጥቅም እንበለው።

የሚወዱትን ሰው ከስሙ በላይ ያስበለጡ ደጋፊዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። አየርላንዳዊው ኮነር ማግሬገር ለዚህ ዋነኛው ምስክር ነው። የዳብሊኑ የቧንቧ ሠራተኛ ተለማማጅ በ2013 ስቶክሆልም ላይ በዩ.ኤፍ.ሲ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፋለም ኑሮው በመንግሥት ድጎማ ነበር። በዲሴምበር 2015 ለአሥር ዓመታት ያህል ያልተሸነፈውን ጆዜ አልዶን በ13 ሰኮንድ ዘረረው። በኖቬምበር 2016 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሁለተኛ ቀበቶ ሲደርብ የመግቢያ ትኬት ገቢው 17.7 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ላስ ቬጋስን አረንጓዴ ያለበሱት አየርላንዳውያን የመጡት ፊደላቱን ብለው አይደለም፤ ሰውየውን ብለው ነው። በኦክቶበር 2018 ከዳግስታኑ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ ጋር ያደረገውን ግጥሚያ 2.4 ሚሊዮን ቤቶች ገዙት። እስከ ዛሬ በዚህ ስፖርት የሚስተካከለው የለም። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተመዘገበው መነሻ ክፍያ ለማግሬገር 3 ሚሊዮን፣ ላሸነፈው ለካቢብ 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዋናው ገንዘብ ግን የመጣው ከየቤቱ ሽያጭ ከታሰበው ድርሻ ነው። ማግሬገር ከዚያ በፊት፣ በኦገስት 2017፣ ከሜይዌዘር ጋር ቦክስ ሊገጥም ድርጅቱን እሺ ያሰኘውም ኋላው ያሰለፈው የደጋፊ ብዛት ነው። ያን ምሽት 4.3 ሚሊዮን ቤቶች ገዝተዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ግን በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። የቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ተፋላሚዎች የሚኖሩት በሌላ ሒሳብ ነው።

አንድ ገዥ ያለበት ገበያ

የአንድ ወረዳ ቡና አምራቾች ሁሉ ቡናቸውን የሚረከባቸው አንድ ነጋዴ ብቻ ቢሆን ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በቅይጥ ትግል የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዩ.ኤፍ.ሲ. በ2007 የጃፓኑን ፕራይድ፣ በ2011 ስትራይክፎርስን ገዝቶ ጠቀለለ። ተፋላሚው የሚፈርመው ውል ከሌላ አዘጋጅ ጋር እንዳይሠራ ያስረዋል። ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፤ ለመቅረብ ይህን ያህል፣ ካሸነፈ ያንኑ ያህል በተጨማሪ። ስለዚህ የሦስት ወር ልምምዱን፣ የአሠልጣኙን፣ የሐኪሙንና የሥራ አስኪያጁን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ የገባ ጀማሪ በዳኞች አንድ ነጥብ ቢሸነፍ ገቢው በግማሽ ይወርዳል። ቀበቶውን የሚሰጠው፣ ተጋጣሚ የሚመርጠው፣ ቴሌቪዥኑን የሚሸጠው ያው አንድ ድርጅት ነው። በእግር ኳስ ቢሆን ማንቸስተር ያላነሳውን አርሴናል ያነሳዋል። እዚህ ግን ክለቡም፣ ሊጉም፣ ፌዴሬሽኑም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ንጽጽሩን ወደ ቤት ማምጣትም ይቻላል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 ጃንዋሪ ዱባይ ላይ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶን ሮጦ በበርሊኑ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ በሆነ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሁለቱ ውድድሮች የተለያዩ አዘጋጆች ናቸው። እያንዳንዱ ሯጩን ለማግኘት ዋጋ ያቀርባል፤ ሯጩም ይመርጣል። በሁለት ቦታ የሚፈለግ ዕቃ ዋጋው በአንዱ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም።

በቦክስ በኩል ደግሞ ሕግ አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 በሙሐመድ አሊ ስም ያወጣው ሕግ አዘጋጁ ከግጥሚያው ያገኘውን ገቢ ለቦክሰኛው እንዲገልጽለት ያስገድዳል። ሕጉ የተጻፈው ለቦክስ ብቻ በመሆኑ የቅይጥ ትግል ተፋላሚ በዚህ ሕግ ስለ ገቢው የመጠየቅ መብት የለውም። ያላየኸውን ገቢ እንዴት ትካፈላለህ?

የስፖንሰሩ ነገርም መነሳት ያለበት ነው። ቀድሞ ተፋላሚው በቁምጣው ላይ የፈለገውን ድርጅት ስም ለጥፎ፣ አንዳንዴ ከክፍያው የሚስተካከል ገንዘብ ያገኝ ነበር። ከጁላይ 2015 ጀምሮ ሁሉም የሪቦክን ልብስ እንዲለብስ ተደረገ። በመጀመሪያው ደረጃ ሠንጠረዥ አምስት ግጥሚያና ከዚያ በታች ላለው 2,500 ዶላር፣ ለሻምፒዮን 40,000 ዶላር ተቆረጠ። ከጓዳ ባለሱቅ እስከ መኪና ዕቃ ሻጭ የነበሩት የግል ስፖንሰሮች በአንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆኑ። የሚገርመው አብዛኛው ደጋፊ ለውጡን የተቀበለው ልብሱ አምሯል ወይስ አላማረም በሚል ክርክር ብቻ መሆኑ ነው።

በዲሴምበር 2014 ኩንግ ሊ፣ ኔት ኳሪና ጆን ፊች የተባሉ ተፋላሚዎች ድርጅቱ ገበያውን አለአግባብ ጠቅልሏል ብለው በፀረ ሞኖፖል ሕግ ክስ መሠረቱ። በክርክሩ ላይ የወጡት ሰነዶች ደጋፊው ሲጠረጥረው የኖረውን በቁጥር አሳዩ። ተፋላሚዎቹ ከድርጅቱ ገቢ የሚደርሳቸው ከ20 በመቶ በታች ነበር። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስና የአሜሪካ እግር ኳስ ሊጎች የተጫዋቾች ድርሻ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ልዩነቱን የሚያስረዳው እነዚያ የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው መሆኑ፣ እነዚህ ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደ ግል ተቋራጭ ለብቻቸው የሚደራደሩ መሆናቸው ነው።

ክሱ አሥር ዓመት ፈጀ። በማርች 2024 ወገኖቹ በ335 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የኔቫዳው ዳኛ ሪቻርድ ቡልዌር ግን በጁላይ ስምምነቱን ሳይቀበሉት ቀሩ። በሴፕቴምበር 375 ሚሊዮን ዶላር ቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ጸደቀ። ድርጅቱ ጥፋት አላመነም። በመካከሉ በርካታ ተፋላሚዎች የቤት ኪራይ፣ የሕክምና ወጪና የጭንቅላት ጉዳት እንዳስጨነቃቸው በጽሑፍ ለዳኛው አመልክተው ነበር። ጠበቆቹ ባቀረቡት ስሌት መሠረት 35 ያህሉ እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ከ500 የሚበልጡት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚደርሳቸው ናቸው። ክፍያው ግን ከዲሴምበር 2010 እስከ ጁን 2017 ለተፋለሙት ነው።

ከአሸዋ ማውጫ እስከ ሪያድ

ከአጥሩ ወጥቶ ዋጋውን በሌላ ገበያ የፈተነ ሰው አለ። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በልጅነቱ በተወለደበት ባቲዬ አካባቢ በአሸዋ ማውጫ ጉልበቱን ሸጧል። ሰሃራን አቋርጦ ሞሮኮ ደረሰ፤ ባሕሩን ተሻግሮ ስፔን ገባ፤ በ2013 ፓሪስ ላይ ጎዳና ያድር ነበር። በዚያው ከተማ የልምምድ ቤት በሩን ከፈተለት። በ2015 ዩ.ኤፍ.ሲ. ገባ፣ በማርች 2021 ስቲፔ ሚዮቺችን በዝረራ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ወቅት ከናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳንያም ቀበቶ ይዘው ነበር። በአንድ ጊዜ ሦስት የአፍሪካ ልጆች መንገሣቸው አህጉሪቱ ላይ ብዙ ሰው ለዚህ ስፖርት እንዲነቃ አድርጓል። ድርጅቱ ግን እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አንድም ውድድር አፍሪካ ውስጥ አላዘጋጀም።

ንጋኑ በጃንዋሪ 2022 ቀበቶውን ለማስጠበቅ ሲሪል ጋንን በገጠመበት ምሽት የተመዘገበለት ክፍያ 600,000 ዶላር ነበር። የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው እንግዲህ። ከገንዘቡ ሌላ የጠየቀው የጤና መድን፣ የግል ስፖንሰር የመያዝ መብት፣ ቦክስ የመጋጠም ፈቃድ፣ ተፋላሚዎችን በድርጅቱ ስብሰባ ላይ የሚወክል ሰው ነበር። አልተሳካም። ውሉ የጊዜ ገደብ ስለነበረው ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቆ በጃንዋሪ 2023 ወጣ፤ ቀበቶው ተወሰደበት። ያን ጊዜ የማይረባ ውሳኔ ወሰነ፣ ከዚህ በኋላ ማን ያየዋል ያሉ ደጋፊዎች ብዙ ነበሩ። በኦክቶበር 2023 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን በሦስተኛው ዙር መሬት አስነካው፤ በዳኞች በተከፋፈለ ድምፅ ቢሸነፍም የተከፈለው ከዚያ 600 ሺህ ዶላር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በማርች 2024 አንቶኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ዘረረው፤ ከዚያ ምሽትም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ከንጋኑ ታሪክ የሚወጣው የገበያ ዜና ሁለት ገጽ አለው። ሰውየው ዋጋው ከተቆረጠለት በላይ መሆኑን አስመስክሯል። ዩ.ኤፍ.ሲ. ደግሞ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን አጥቶ አንድም ቅዳሜ አላጓደለም፤ ገቢውም በ2024 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። ደጋፊው ንጋኑን ተከትሎ ወደ ሪያድ አየ፤ በሳምንቱ ደግሞ ወደ ለመደው ኦክታጎን ተመለሰ።

ጥቅል ሽያጩ

ለባለአክሲዮን የፓራማውንት ውል መልካም ዜና ነው። ዩ.ኤፍ.ሲ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከደብሊው.ደብሊው.ኢ. ጋር ተዋህዶ ቲ.ኬ.ኦ. በሚል ስም በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሸጣል። ቀድሞ የአንድ ሩብ ዓመት ሒሳብ ማግሬገር እግሩን ቢሰብር ሊናጋ ይችል ነበር። አሁን ማንም ወጣ ማንም ቀረ ቼኩ ይመጣል። አደጋው ከድርጅቱ ትከሻ ወርዷል።

ሆኖም ያ አደጋ ለተፋላሚው የመደራደሪያ ጉልበቱ ነበር። እኔ ካልወጣሁ አይሸጥም ሊል የሚችለው ሽያጭ ሲኖር ነው። የድርሻ ውል የነበራቸው ሻምፒዮኖች ከሽያጭ ይልቅ ምን ላይ ተመሥርተው ሊከፈሉ እንደሚገባ መነጋገሪያ ከሆነ ሰንብቷል። ከደጋፊው ወገንም አሁን ብዙ ሰው ስለሚያያቸው ስማቸው ይገናል፣ ከማስታወቂያ ያገኙታል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ለጥቂቶቹ ይሠራ ይሆናል። በመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ለሚወጣው፣ አዳራሹ ገና ሳይሞላ ደሙ ለሚፈሰው ልጅ ግን ከማስታወቂያው በፊት የሚቀድመው የመቅረቢያ ክፍያው ነው።

ቁጥሩን ለማየት ያህል፣ በ2024 ገቢ ላይ የተፋላሚዎቹ ድርሻ በአሥር መቶኛ ነጥብ ቢጨምር 140 ሚሊዮን ዶላር ከድርጅቱ ሒሳብ ወደ ተፋላሚዎቹ ይዛወራል። ወደ ቅርጫት ኳሱ ግማሽ ቢጠጋ የዚያ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ዛሬ በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ይህ ድርሻ ባለበት ይቀጥላል የሚል ግምት አብሮ እየገዛ ነው።

ያንን ግምት ሊለውጥ የሚችለው አንዱ ነገር በኔቫዳው ፍርድ ቤት ይገኛል። ከጁላይ 2017 ወዲህ የተፋለሙትን የሚመለከተው ሁለተኛው የወል ክስ የተመሠረተው በ2021 ነው። የመጀመሪያው ክስ በ375 ሚሊዮን ዶላር ሲዘጋ ይኸኛው በስምምነቱ ውስጥ አልተካተተም፤ በ2025ም በዳኛ ቡልዌር ችሎት እየታየ ነበር። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ዓመታት የማግሬገርና የካቢብ ምሽት፣ የንጋኑ 600 ሺህ ዶላርና 79.99 ዶላር የደረሰው የመመልከቻ ዋጋ የሚገኙባቸው ናቸው።